የሳክስፎን ማውዝፒስ አመራረጥ፦ ብረት ወይስ ጎማ ከማለት በፊት ውስጡን እዩ

ሳክስፎን ነፊዎች ማውዝፒስ፣ ማለትም አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋበትን የመሣሪያውን ጫፍ፣ ለመቀየር ሲያስቡ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ «ብረት ይሻላል ወይስ ጎማ?» የሚል ነው። መልሱም ከጥያቄው ጋር አብሮ ይዞራል፤ ብረቱ ይጮሃል፣ ጥቁሩ ጎማ ይለሰልሳል ይባላል። ይህ አባባል ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው እንዲያወጣ አድርጓል። የአሜሪካው ጃዝ ነፊ ጆን ኮልትሬን ቴነር ሳክስፎኑን የሚነፋበት ኦቶ ሊንክ የተባለው ማውዝፒስ ብረት ነበር። የዚያ ማውዝፒስ ሆዱ (የውስጡ ክፍት ቦታ) ሰፊ ስለሆነ ድምፁ ሞላ ያለና ወፍራም ነው። የቫንዶረን ድርጅት ጃምቦ ጃቫ ማውዝፒስ ደግሞ የሚሠራው ከኢቦናይት፣ ማለትም ከጠንካራው ጥቁር ጎማ ነው፤ ድምፁ ግን በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም መሃል ሰንጥቆ የሚወጣ፣ እጅግ ስል ነው። ብረቱ ወፍሮ፣ ጎማው ሰልቶ የተገኘው ልዩነቱን የሚያመጣው የውስጡ ቅርፅ ስለሆነ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁለት ወይም ሦስት ማውዝፒሶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በትክክል የማወዳደሪያ መንገድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም፦ የራሳችሁ ሳክስፎን፣ አሁን የምትነፉበት ማውዝፒስ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት አራት ሪዶች (ማውዝፒሱ ላይ ታስረው የሚንቀጠቀጡት ቀጫጭን የሸምበቆ ልጣፎች)፣ ስልክ ላይ የተጫነ የኖታ ከፍታ የሚያሳይ ቱነር፣ እርሳስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ወፍራም የመስታወት ቁራጭ፤ ከተገኘ ደግሞ መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ፊለር ጌጅ። አሁን የምትነፉበትን ማውዝፒስ ከፈተናው እንዳታስወጡት፤ የሌሎቹ ሁሉ መለኪያ እሱ ነው።

1. ውስጡን ማየት

ሪዱንና ሪዱን የሚያስረውን ማቀፊያ፣ ሊጋቸሩን፣ አውልቁ። ማውዝፒሱን ሪዱ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይ እንዲሆን ያዙትና በባትሪ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ እያበራችሁ እዩ።

የመጀመሪያው የሚታየው የጫፍ ክፍተት ነው፤ በሪዱ ጫፍና በማውዝፒሱ ጫፍ መሃል ያለው ርቀት ማለት ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሪዱ ብዙ ይወዛወዛል፣ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል፣ ኖታን በከንፈር ለማጠፍም ነፃነት ይሰጣል። ሲጠብ ቁጥጥሩ ይቀላል፣ ቅላፄው (የኖታው ከፍታ ትክክለኛነት) ይረጋል፤ ኃይል ስትጨምሩበት ግን ቶሎ «በቃኝ» ይላል። ከክፍተቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ፌሲንግ ነው። ፌሲንግ ማለት ሪዱ ከጠፍጣፋው ተለይቶ ወደ ጫፉ እያጎበጠ የሚሄድበት መስመር ነው። ረዘም ያለ ፌሲንግ ለታችኞቹ ኖታዎች ይመቻል፤ አጠር ያለው ጠንከር ያለ ከንፈር ይፈልጋል፣ በምላሹም ላይኞቹን ኖታዎች አጥብቆ ይይዛል።

ቀጥሎ ባፍል አለ። ከጫፉ ወዲያ፣ ልክ ከሪዱ ትይዩ ያለው የውስጥ ጣሪያ ነው። አራት ነገር ተመልከቱ፦ ለሪዱ ምን ያህል ቀርቧል፣ ቅርበቱ ምን ያህል ርቀት ይቀጥላል፣ ወደ ውስጥ የሚወርደው በለዘብታ ነው ወይስ እንደ ደረጃ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ ደግሞስ ጎድጎድ ያለ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? ባፍሉ ለሪዱ በጣም ሲቀርብ ሪዱ ተመቶ የሚዘጋበት ሁኔታ ፈጣንና ድንገተኛ ይሆናል፤ ላይኞቹ ኦቨርቶኖች (ከዋናው ኖታ በላይ አብረው የሚሰሙት ድምፆች) ይበረታሉ፣ ድምፁ ስል ይሆናል፣ በትንሽ ትንፋሽም ሩቅ ይሰማል። ባፍሉ ሲርቅና ጎድጎድ ሲል ታችኛው ድምፅ ይገናል፣ ስለቱ ይቀንሳል። ስለ ቶን፣ ማለትም ስለ ድምፁ ጠባይ፣ ስታስቡ አንድ ቦታ ብቻ ማየት ከፈለጋችሁ ይህን እዩ። ከጫፉ አጠገብ ያለው የመጀመሪያ አንድ ሴንቲሜትር ማውዝፒሱ ከተሠራበት ቁስ ሁሉ በላይ ስለ ድምፁ ይነግራችኋል።

ከባፍሉ በስተጀርባ ቻምበሩ ይመጣል፤ የማውዝፒሱ ሆድ ነው። ትልቅ ቻምበር ማለት ወደ አንገቱ ከሚገባው ቀዳዳ እኩል ወይም ከእሱ የሰፋ ክፍል ነው። ትንሽ ቻምበር ደግሞ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው መተላለፊያውን ያጠበቡት ነው። የዚህ ታሪክ መታወቅ አለበት፤ ዛሬ ገበያ ላይ ለምን ይህን ያህል ዓይነት እንደበዛ የሚያስረዳው እሱ ነው። ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ ፓተንት ሲያወጣ የነበሩት ማውዝፒሶች ሰፊና ክብ ሆድ ያላቸው፣ ባፍል የለሽ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ድምፃቸውም ለስላሳና ክብ ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ትልልቆቹ የአሜሪካ የዳንስ ባንዶች ሲስፋፉ ሳክስፎኑ ከትራምፔትና ከትሮምቦን ጋር መወዳደር ነበረበትና ሠሪዎች ሆዱን እያጠበቡ፣ ባፍሉን ወደ ሪዱ እያስጠጉ ሄዱ። የኤሌክትሪክ ጊታር ዘመን ሲመጣ ደግሞ እነ ዱኮፍ ያሉ ማውዝፒስ ሠሪዎች ባፍሉን እስከ መጨረሻው አስጠጉት፤ ዴቪድ ሳንቦርን በአልቶ (ከቴነር በሚያንሰው ሳክስፎን) ያሰማው የነበረው ያ የሚቆርጥ ድምፅ በዱኮፍ የወጣ ነው። ክላሲካሎቹ በበኩላቸው ተከፋፍለው ቀሩ። ሲጉርድ ራሸር የሳክስን ሰፊ ሆድ ካልሆነ አልነፋም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገት፣ ብዙዎቹ በሴልመር ኤስ80 ላይ እንደሚታየው ባለ አራት ማዕዘን መካከለኛ ቻምበር ረግተዋል።

የመጨረሻው ጠርዞቹ ናቸው፤ ግራና ቀኝ ሪዱን የሚያቅፉት ሁለቱና ጫፉ ላይ ያለው ቀጭኑ። እነዚህ ቶንን ብዙም አይወስኑም። ነገር ግን ከተበላሹ ሌላው ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ ስለዚህ በ3ኛው ደረጃ ለብቻቸው እንመለስባቸዋለን።

2. ቁጥሩን አለማመን

ማውዝፒስ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሠሪው የራሱ ቋንቋ ነው፤ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው አይሻገርም። አልቶ ሜየር 5 ክፍተቱ 1.80 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ቴነር ኦቶ ሊንክ 5 ስታር (5*) 2.16፣ 7 ደግሞ 2.54፣ 7 ስታር 2.67 ሚሊሜትር ናቸው። ብዙ ተማሪ የሚጀምርበት ያማሃ 4ሲ በአልቶ 1.60፣ በቴነር 1.70 ነው። አሁን አንድ ልጅ በቴነር ያማሃ 4ሲ ሲነፋ ቆይቶ «ትንሽ ከፍ ላድርግ» ብሎ የብረት ኦቶ ሊንክ 7 ቢገዛ፣ ክፍተቱን በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህል አሰፋው ማለት ነው። ሪዱ አይነፋለትም፣ ከንፈሩ ይዝላል፣ ቅላፄው ይዋዥቃል፤ ከዚያም «ብረት አይስማማኝም» ብሎ ያስቀምጠዋል። ያልተስማማው ብረቱ ሳይሆን 0.84 ሚሊሜትሩ ነው።

አንዳንድ ሠሪ የበለጠ ይናገራል። በርግ ላርሰን ላይ 110/2 የሚል ብታዩ 110 የጫፉ ክፍተት በሺኛ ኢንች ነው፤ 2.79 ሚሊሜትር ይሆናል። ከጭረቱ በኋላ ያለው ከ0 እስከ 3 ያለው ቁጥር ውስጡን ይመለከታል፤ 0 በጣም ስል፣ 3 በጣም ወፍራም ነው። በኢንች የተጻፈ ስታገኙ በ25.4 አባዙና ወደ ሚሊሜትር አምጡት። የምታወዳድሯቸውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በሚሊሜትር ጻፉ። ከአሁኑ ማውዝፒሳችሁ በ0.2 ሚሊሜትር አካባቢ የሚበልጥ ለብዙ ሰው በቂ እርምጃ ነው፤ በ0.4 የሚበልጠው ወራት የሚጠይቅ ልምምድ አለው።

3. ጤንነቱን መመርመር

ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። በተለይ ያገለገለ ስትገዙ፣ ወይም የታወቀ ስም ተቀድቶባቸው በርካሽ ከሚሸጡት ብረቶች አንዱ ሲቀርብላችሁ።

በመጀመሪያ በዓይን፦ የጫፉ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። በመስኮት ብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት አንድ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ይታያችኋል፤ መስመሩ የሆነ ቦታ ከተቋረጠ ተሰብሯል ወይም ተፍቋል። ጥፍራችሁን በቀስታ አስኪዱበት፤ የሚይዝ ቦታ ካለ ሪዱም እዚያው ይይዘዋል፣ ሲነፋም ይጮህባችኋል።

ቀጥሎ በመስታወት፦ ጠፍጣፋውን ጎን መስታወቱ ላይ አስተኙትና በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ከተወዛወዘ ጠፍጣፋው ጠፍጣፋ አይደለም። ፊለር ጌጅ ካላችሁ ከሁሉ ቀጭኑን ቅጠል፣ 0.04 ሚሊሜትር አካባቢ ያለውን፣ በመስታወቱና በማውዝፒሱ መሃል ከጫፉ በኩል አስገቡት፤ ሳትገፉት በራሱ እስከሚቆም ድረስ ይንሸራተት። በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ የቆመበት ቦታ እኩል መሆን አለበት። ቅጠሉ ሰያፍ ሆኖ ከቆመ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ይረዝማል ማለት ነው። ያለ ምክንያት ሲር የሚሉ፣ ለስላሳ አጀማመር የማይቀበሉ ማውዝፒሶች ችግራቸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

በመጨረሻም በትንፋሽ፦ በደንብ የራሰ ሪድ አስራችሁ ከኋላ ያለውን ቀዳዳ በመዳፋችሁ ድፈኑ፣ ከጫፉ በኩል አየሩን ሳቡና አፋችሁን አንሱ። ሪዱ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ተጣብቆ ቆይቶ «ጧ» ብሎ ከተላቀቀ ሪዱና ማውዝፒሱ ተግባብተዋል። ጭራሽ ካልያዘ በሌላ ሪድ ደግማችሁ ሞክሩ። በሦስት ሪድ ካልያዘ ማውዝፒሱን ለሻጩ መልሱ።

4. ሪዱን ማዛመድ

ማውዝፒስ ብቻውን አይፈተንም። ሰፊ ክፍተት ለስለስ ያለ ሪድ ይፈልጋል፣ ጠባብ ክፍተት ጠንከር ያለውን ይሸከማል። በአልቶ ከ1.6 እስከ 1.8 ሚሊሜትር ላለው 2½ ወይም 3፣ ከ2 ሚሊሜትር ለሚበልጠው 2 ወይም 2½ ጥሩ መነሻ ነው። በቴነር 2.5 ሚሊሜትር ለደረሰው በ2½ ጀምሩ። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ለሁሉም ፈተና የአንድ ሠሪ ሪድ ያዙ።

ሪዱ ሲለሰልስባችሁ ጮክ ስትሉ ጫፉ ይዘጋል፣ ላይኞቹ ኖታዎች ቀጥነው ይወርዳሉ። ሲጠነክርባችሁ ድምፁ ውስጥ የአየር ፉጨት ይገባል፣ በዝግታ መጀመር አይቻልም፣ ታችኛው ከንፈር ይቆስላል። ሁለቱም ምልክቶች የማውዝፒሱ ጥፋት መስለው ስለሚታዩ፣ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ግማሽ ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩ።

አዲስ አበባ ላይ የምትነፉ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት፤ እንዲህ ባለ ከፍታ ሪድ ጠንክሮ የሚሰማቸው ነፊዎች ብዙ ናቸው። በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በአንድ ዘፈንና በሌላው መሃል ባለው ዕረፍት ብቻ ጫፉ ደርቆ ይሸበሸባል። ስለዚህ ሁሉንም ማውዝፒስ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ፈትኑ፤ ሪዶቹን ውኃ ባለበት ብርጭቆ አጠገብ አስቀምጡና በየጊዜው አርጥቡ። ባሕር ዳር ላይ የተፈተነና ደብረ ብርሃን ላይ የተፈተነ ማውዝፒስ በማስታወሻ አይወዳደርም።

5. በቅደም ተከተል መንፋት

በአሮጌው ማውዝፒሳችሁ አሥር ደቂቃ አሙቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ተወዳዳሪ በዚህ ቅደም ተከተል አሳልፉት፤ ለእያንዳንዱም ያው ሪድ፣ የሚገጥም ከሆነ ያው ሊጋቸር።

ሀ) ማውዝፒሱን ብቻ። ሳክስፎኑ ላይ ሳትገጥሙት ንፉ፤ ቱነሩን ክፈቱ። በአልቶ ኤ (880 ኸርዝ)፣ በቴነር ጂ፣ በሶፕራኖ ሲ፣ በባሪቶን ዲ አካባቢ ማግኘት አለባችሁ፤ እነዚህ በቱነሩ ላይ የሚነበቡ የፒያኖ ኖታዎች ናቸው። ጃዝ የሚነፉ ሰዎች ከዚህ ትንሽ ዝቅ ማለት ይቀናቸዋል። የፈተናው ዋና ጥቅም ከንፈራችሁ በአንዱ ማውዝፒስ ላይ ጥብቅ፣ በሌላው ላይ ላላ እንዳይል ማረጋገጥ ነው። ከዚያ ኖታውን ሳታቋርጡ በጉሮሮና በምላስ ብቻ ወደ ታች እጠፉት። የቱ ማውዝፒስ ሳይሰበር ርቆ እንደወረደ ጻፉ፤ ይህ ቁጥር በኋላ ለእኛ ሙዚቃ ያስፈልገናል።

ለ) ቅላፄው። አንገቱ ላይ ግጠሙት፣ በመሃለኛው ቢ ቱን አድርጉት፣ ማውዝፒሱ አንገቱን በሸፈነው ቡሽ ላይ የደረሰበትን በእርሳስ አስምሩ። ሆዱ ትንሽ የሆነው ወደ ውጭ መሳብ ይፈልጋል፣ ትልቅ የሆነው ወደ ውስጥ መገፋት። ቱን ከመሆኑ በፊት ቡሹ ካለቀ፣ ማውዝፒሱ ምንም ያህል ቢያምር ከዚያ ሳክስፎን ጋር አይሄድም። በተለይ በ1920ዎቹ የተሠሩ ኮንና ቡሸር የተባሉ ሳክስፎኖች በእጃችሁ ካሉ፣ የተሠሩት ለሰፊ ሆድ ስለሆነ በዘመናዊ ጠባብ ማውዝፒስ ኦክታቮቻቸው ይራራቃሉ። ከዚህ በኋላ የታችኛውን ዲና የመሃሉን ዲ ኦክታቭ እያቀያየራችሁ ንፉና ልዩነቱን ከቱነሩ አንብቡ። የመሃሉ ዲ በብዙ ሳክስፎን ላይ ከፍ የማለት ጠባይ አለው፤ የምትፈልጉት ያንን ከፍታ የሚቀንሰውን ነው እንጂ የሚያባብሰውን አይደለም። ቱነሩን እያያችሁ ከነፋችሁ ከንፈራችሁ ሳታውቁት ያስተካክለዋል፤ ሌላ ሰው ቢያነብላችሁ ይሻላል።

ሐ) ዳርቻዎቹ። የታችኛውን ቢ ፍላት በተቻለ መጠን በዝግታ፣ ያለ ምላስ፣ በትንፋሽ ብቻ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ላይኛው ኤፍ ዝለሉ። ባፍሉ ለሪዱ በጣም የቀረበ ማውዝፒስ ላይኛውን በደስታ ይሰጣችሁና ታችኛው ላይ ይንገጫገጫል፤ ባፍል የለሹ በተቃራኒው። ሁለቱንም ያለ ልመና የሚሰጥ ካገኛችሁ ምልክት አድርጉበት።

መ) የራሳችሁ ሙዚቃ። ብዙዎቹ የማውዝፒስ ንጽጽሮች የሚሠሩት በአሜሪካ ጃዝና በክላሲካል ሚዛን ነው። የምንነፋው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሆነ የምንፈትነውም በእነሱ መሆን አለበት። በቴነር ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ ብትነፉ ለፒያኖው የሲ ትዝታ ነው፤ በአልቶ ያው ትዝታ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ይሆናል። ኖታዎቹን ደርድሮ መንፋት ምንም አይነግራችሁም። አንዱን ኖታ ያዙና እንደ ዘፋኝ አንቀጥቅጡት፣ ወደሚቀጥለው አንሸራትታችሁ ግቡ፣ መጨረሻውን ጣል አድርጉት። ከዚያ በቴነር ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ብላችሁ ወደ አንቺሆዬ ተሻገሩ። ኢ ፍላቱን ወደ ዲ እያስጠጋችሁ በከንፈር ዝቅ ለማድረግ ስትሞክሩ፣ ጠባብ ክፍተትና ትንሽ ሆድ ያለው ማውዝፒስ «እዚሁ ነኝ» ብሎ ይተክላችኋል፤ ሰፋ ያለው ግን አብሯችሁ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጌታቸው መኩሪያን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 2016 የኖረው ይህ ሰው ሽለላንና ፉከራን ከአርበኛ አንደበት ወደ ቴነር ሳክስፎን ያመጣ ነው። አነፋፉን በጥሞና አዳምጡ፤ ሐረጉ ከሹክሹክታ ተነስቶ በአንድ ትንፋሽ ወደ ጩኸት ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሰፋ ባለ ንዝረት ይርገፈገፋል፣ መልሶም ወደ ታች ይደረመሳል። ያን ለመሞከር የሚያስፈልገው ማውዝፒስ የሚጮኸው ብቻ አይደለም። በዝግታም መናገር የሚችል፣ ስትገፉት የማይዘጋ፣ ስታጥፉት የማይሰበር መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ የሽለላ ሐረግ ምረጡና በእያንዳንዱ ማውዝፒስ ላይ ከለሆሳስ እስከ ሙሉ ኃይል ደጋግሙት። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ለዚህ ዓይነት አነፋፍ በቴነር ከ2.4 እስከ 2.7 ሚሊሜትር ክፍተት፣ መካከለኛ ወይም ትልቅ ሆድ፣ በለዘብታ የሚወርድ ባፍል ያለው የኦቶ ሊንክ ዓይነት ማውዝፒስ፣ ጎማም ሆነ ብረት፣ ባፍሉ እንደ ደረጃ ከሚቆረጠው ይበልጣል። በሰርግ ባንድ ውስጥ ከኪቦርድና ከድራም ጋር ማይክ ሳይበቃ የምትነፉ ከሆነ ግን ባፍሉ መጠነኛ ቅርበት ይኑረው። አለበለዚያ ለመሰማት ስትገፉ ጉሮሮአችሁ ይታነቃል፣ ቶኑም ይሄዳል።

አልቶ ነፊዎች የሜየር ዓይነት መካከለኛ ሆድና መጠነኛ ባፍል ያለው፣ 1.8 ወይም 1.9 ሚሊሜትር፣ ቢጀምሩ አይቆጩም። የጃዝ አልቶ ነፊው ካኖንቦል አደርሌ ያን የሞላ ድምፅ ያወጣው በሜየር ነው። ለዝማሬም፣ ለትዝታም፣ ለሆቴል ምሽትም የሚበቃ ስፋት አለው። በሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላሲካል የሚያጠኑ ደግሞ ሴልመር ሲ-ስታርን ወይም መሰሉን ይያዙ፤ ሁለተኛ ማውዝፒስ ማስቀመጥ ነውር አይደለም።

6. አሁን ስለ ቁሱ

ቅርፁ ተፈትኖ ካለቀ በኋላ ወደ ብረትና ጎማ መምጣት ይቻላል። ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም፤ ልዩነቱ በአብዛኛው በነፊው በኩል ነው። የላይኛው ጥርሳችሁ ማውዝፒሱ ላይ ስለሚያርፍ ንዝረቱ በአጥንት ወደ ጆሮአችሁ ይደርሳል፤ ብረት ላይ ያ ንዝረት የተለየ ስሜት አለው። ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠው አድማጭ ያን አይሰማም። ጥርስ የሚያርፍበት ላይ ስስ የጎማ ልጥፍ ብትለጥፉ የስሜቱ ልዩነት ወዲያው ይቀንሳል፤ ለንጽጽር በሁሉም ላይ ለጥፉ።

እውነተኛው የቁስ ልዩነት በአፍ ውስጥ ያለው ውፍረት ነው። ብረት ቀጭን ተደርጎ ሊሠራ ስለሚችል አፍ ብዙ አይከፈትም። ትንሽ አፍ ላለው ወይም ቴነርና አልቶ እያቀያየረ ለሚነፋ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። የጎማው ሊጋቸር ግን ብረቱ ላይ ይላላል፤ ለብረቱ የራሱን ግዙ። ብረት በብርድ ጠዋት ቀዝቃዛ ነውና እስኪሞቅ ድረስ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት በመዳፍ ያዙት። የወርቅ ወይም የብር ቅቡ ተልጦ ነሐሱ የታየ አሮጌ ብረት ስትገዙ እንደገና አስቀቡት።

ኢቦናይት በድኝ የጠነከረ ጎማ ነው። ፀሐይና ሙቀት ድኙን ወደ ላይ ያወጡታል፤ ጥቁሩ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለወጣል፣ መጥፎ ሽታና ጣዕም ያመጣል። በሙቅ ውኃ ከታጠበ ከቀለሙም አልፎ ሊጣመም ይችላል። ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ብቻ እጠቡት፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ፕላስቲክ ሲባል ሰው ይንቃል፤ ያማሃ 4ሲ የሚሠራው ከሰው ሠራሽ ሬዚን ነው፣ ጠርዞቹም ብዙ እጥፍ ከሚያስከፍሉ የብረት ቅጂዎች ይልቅ የተስተካከሉ ናቸው። እንጨት የሚያምር ድምፅ ሊኖረው ይችላል፤ ግን እርጥበት ስለሚጠጣ ለጀማሪ አልመክረውም።

7. ሳታዩ ማዳመጥ

ስልካችሁን ሦስት ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡና በእያንዳንዱ ማውዝፒስ አንድ ዓይነት ሐረግ ቅዱ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ማግስት፣ ጆሮ ሲያርፍ፣ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ሳታውቁ አዳምጡና ደረጃ ስጡ። ውጤቱ ክፍሉ ውስጥ ከተሰማችሁ ጋር ካልገጠመ የሚታመነው ቅጂው ነው፤ አድማጩ የተቀመጠው እዚያ ነውና። ከዚያ አንደኛ የወጣውን ብቻ ይዛችሁ ሁለት ሳምንት ንፉ። አዲስ ማውዝፒስ በመጀመሪያው ቀን ሁሌም ያስደስታል።

8. ከውጭ ስታስመጡ

አብዛኞቻችን ማውዝፒስ የምናገኘው ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። «አንድ ጥሩ የሳክስፎን ማውዝፒስ አምጣልኝ» ብላችሁ ከላካችሁ ዘመዳችሁ ሱቅ ገብቶ የሚሰጡትን ይዞ ይመጣል፤ ከቴነር ይልቅ የአልቶ ቢሆንም አያውቅም። መልእክቱ ይህን ሁሉ ይያዝ፦ አልቶ ወይስ ቴነር፣ የሠሪው ስም፣ ሞዴሉ ሙሉ በሙሉ፣ የክፍተት ቁጥሩ ከነስታሩ፣ ጎማ ወይስ ብረት፣ ሊጋቸርና ክዳን አብሮ ይመጣ እንደሆነ። ኦቶ ሊንክ 7 እና 7 ስታር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ኮከቧን በወፍራሙ ጻፉለት። የምትፈልጉትን ዕቃ ምስል ጨምሩ።

ብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ሱቆች ያልተጫረ ማውዝፒስ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ይመልሳሉ፤ ዘመዳችሁ ደረሰኙን ያስቀምጥ፣ የመመለሻውንም ቀን ይጠይቅ። ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት በቪዲዮ ደውሉና የጫፉን ጠርዝ በመስኮት ብርሃን አዘንብሎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ ቀጥሎ ጠፍጣፋውን ጎን መስታወት ላይ አስተኝቶ ይነቅንቀው። ከተወዛወዘ በዚያው ቀን ወደ ሱቁ ይመልሰው።